የእህቴ አውራ ጣት

የእህቴ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ የጠፋው በማሽላ አጨዳ ሰሞን ነው። ጣቱ ቦታው ላይ አለ፤ ማጭድ ይይዛል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ የበር ቁልፍ ያዞራል። ስልኩ ግን አላውቀውም አለ። ስልኩ፣ ከሞተ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የባሏ ስልክ ነበር።

የምሠራው ደሴ ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ድንገተኛ ስልክ ብዙም አያስደነግጠኝም። እህቴ ከቆቦ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥላ ስለ ገበያው፣ በመጨረሻ ስለ ጉዳዩ ነው የምታወራው። ያን ቀን ዝናቡንም ገበያውንም ዘለለቻቸው።

«ጣቴን እምቢ አለኝ» አለች።

«ማን?»

«የሱ ስልክ። ያ ሣጥኑ። ‹አልታወቀም› ይለኛል። እኔን! በገዛ ቤቴ!»

«ደጋግመሽ ሞከርሽው እንዴ?»

«ታዲያ አንዴ ሞክሬ ልተወው?»

«እታለም፣ ስልኩን አስቀምጪው። እስክመጣ አትንኪው።»

«ጎረቤቴ የሷን ጣት እናስገባበት እያለችኝ ነው።»

«ማንም ምንም እንዳያስገባበት። ነገ እመጣለሁ።»

ሣጥን የምትለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን መተግበሪያ ነው። ስሙን ያወጣለት አማቼ ነበር። አማቼ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወላጆቹ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ዋጃ የተቀመጡ፣ እሱ ደግሞ እህቴን አግብቶ ቆቦ የቀረ። ከመስኖ እርሻዎቹ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጭናል፣ ባዶውን አይመለስም። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ለፀሐይ መከለያ የፊት መስታወቱ ላይ በሚያስደግፈው ካርቶን ላይ ጽፏቸው ነበር። መኪናውን የተዋሰ ሁሉ ያነባቸዋል። ስመክረው ይስቃል።

«እኔ ምን ምስጢር አለኝ? የምጭነው ሽንኩርት ነው።»

ቆይቶ አንድ ሰው በስሙ ገብቶ ለወዳጆቹ መልእክት ሲልክ ተገኘ። ያኔ ጎብዬ ላይ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን መተግበሪያውን ጫንኩለት። እኔ ለሥራዬ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ አንድ ምንጭ አምኖ የነገረኝ ነገር ስልኬ ሲጠፋ አብሮ ለሌላ ሰው እንዲደርስ አልፈልግም። እንዲህ ብዬ አስረዳሁት፦ አንድ ዋና የይለፍ ቃል ታወጣለህ። ሌሎቹን ሣጥኑ ይይዛቸዋል፤ ስትፈልጋቸው ራሱ ይሞላልሃል። የያዘው ሁሉ ከስልክህ ከመውጣቱ በፊት ይመሰጠራል፤ ስለዚህ የሠራው ድርጅት እንኳ ሊያነበው አይችልም። ዋናውን ቃል ከረሳኸው ግን ማንም አይመልስልህም። ለማንም አትንገር፣ ለእኔም ቢሆን።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ጻፈ። ብዙ ቆየ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጨረስኩ» አለ ሲዞር። «ይሄን ሰይጣን ራሱ አይደርስበትም።»

ከዚያ በጣት እንዲከፈት አደረግንለት። ቤት ሲገባ ደግሞ የእህቴን አውራ ጣት ስልኩ ውስጥ አስገባ። እሷ የያዘችው ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ስለሆነ፣ እሱ ሲያርፍ ፎቶ የምታየው በእሱ ስልክ ነበር። ሣጥኑ አዲሱን ጣት አይቶ ዋናውን ቃል ጠየቀው፣ እሱም ጻፈለት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ የሚያውቀውን ጣት ሁሉ ስለሚቀበል፣ የእሷም ጣት ሳይታሰብ የሣጥኑ ቁልፍ ሆነ። ሁለት ቁልፍ ነበረው ማለት ነው። የእሱ ጣት ቆቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል ባለው መካነ መቃብር ተቀብሯል። የቀረው የእሷ አንድ ጣት ነበር።

አማቼ የሞተው ከአላማጣ ሲመለስ ነው። ዋጃ አልፎ መኪናውን ዳር አቆመ፣ ከአንድ ሱቅ ውሃ ጠየቀ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልተነሣም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ከዚያ በፊት፣ መኪናው ውስጥ እያለ፣ እህቴ ጋ ደውሎ ነበር። እሷ ቆቦ ገበያ ላይ ሽንኩርቷን ዘርግታለች። ዋጃ መድረሱን ነገራት፤ ቀጥሎ «ስሚማ…» አለ። ከዚያ ዝም። «ሄሎ፣ ሄሎ» ብላ ስልኩን ቅርጫቷ ውስጥ ጣለችው። ኔትወርክ ነው ብላ አሰበች። በእኛ መንገድ ላይ ኔትወርክ መቆራረጡ አዲስ አይደለም፣ መልሶ ይደውላል። አልደወለም። ማምሻውን ሰዎች መጡ።

ይህንን የነገረችኝ ከአርባው በኋላ ነው። ለሌላ ሰው አልተናገረችም።

«ሊነግረኝ ነበር» አለች። «አሞኛል፣ ድረሺልኝ ሊለኝ ነበር። እኔ ስልኩን ሽንኩርት ውስጥ ጣልኩት።»

«እንደዚያ ለማለትሽ ማስረጃ የለሽም።»

«እንደዚያ ላለማለቱስ ማስረጃ አለህ?»

አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ መገመት ሥራዬ አይደለም፤ አልገመትኩም። በዚህ እንዳልተጽናናች አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር፣ ስለ ዝናቡም ስታወራ ስለ ገበያውም ስታወራ፣ ያቺ «ስሚማ» በመሃላችን ቁጭ ብላ ትሰማን ነበር። የእሱን ቁጥርም ትደውል ነበር። መስመሩ ሳይሠራ ስለቆየ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የማታውቀው ጎልማሳ ድምፅ «አቤት» ይላታል። ይቅርታ ጠይቃ ትዘጋለች። ደጋግማ ስትደውልበት ሰውየው ለመዳት። አንድ ጊዜ «ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ፣ እናቴ?» አላት አሉ።

ነገሩ የተገለጠልኝ አጨዳው ሊጀመር ሲል ነው። ለአማቼ ጭነት ያገናኝ የነበረ አንድ ደላላ ደሴ ላይ አግኝቶኝ ስለ እሱ ስናወራ፣ «እሱን ማን ያታልለዋል፣ የተነጋገርነውን ሁሉ ይቀዳ ነበር እኮ» አለኝ። ከደላሎች ጋር የተስማማው እንዳይካድበት ስልኩ ጥሪውን ሁሉ ራሱ እንዲቀዳ አድርጎት ነበር። ሁሉን፤ የደላላውንም የሚስቱንም። ስልኩ ሲሞላበት ቅጂዎቹ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻው እንዲሄዱ አድርጓል። እህቴ ያልሰማችው የእሱን ወገን ድምፅ ነው፤ የተቀዳው ደግሞ በእሱ ስልክ ነው። እሷ ጋ ሳይደርስ የቀረው፣ ቅጂው ላይ ሊኖር ይችላል።

ደወልኩላት። ስልኩ በለቅሶው ወራት ባትሪው አልቆ የልብስ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር፣ ሲከፈት ራሱን አድሶ ከማከማቻው መለያ ወጥቷል። ስልኩን ራሱን እህቴ በቁጥር ትከፍተዋለች፤ ወደ ማከማቻው እንደገና ለመግባት ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ‹ረሳሁ› ብሎ በአጭር መልእክት ማሳደስ አይቻልም፤ መልእክቱ የሚሄደው ወደዚያ «አቤት» ወደሚለው ሰው ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ደግሞ የእህቴ አውራ ጣት ነው። ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን ተባባልን፤ ስለ ማሽላው ግን ማናችንም አላሰብንም።

«ጣቴን እምቢ አለኝ» ባለችኝ ማግስት ቆቦ ገባሁ። ከጎብዬ ወዲህ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር የማሽላ ዛላ ሆኗል፤ ከወዲያ ማዶ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ይታያል። ከዚህ በፊት በዚህ ሰሞን ስመጣ አማቼ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ደሴ ቀዝቃዛ ናት፣ ና ሙቅ» ይለኛል። የዛሬው ባጃጅ ሹፌር ወዴት እንደምሄድ ብቻ ጠየቀኝ።

እህቴ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። የማሽላ ቅጠል መዳፏን ሰንጥሮታል። አውራ ጣቷ ላይ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች ተፍቀው፣ ጫፉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኖ፣ በመሃሉ ጥቁር ስንጥቅ አልፎበታል። ስልኩ ‹አልታወቀም› ማለቱ ልክ ነበር። እኔም ጣቱን ለብቻው ባየው የእህቴ መሆኑን አላውቅም።

«እስቲ ንገረኝ» አለች። «ይሄን ሣጥን የሚጠብቀው ድርጅት አለ አይደል? ደውልለት። ሚስቱ ናት በለው።»

«ድርጅቱ አያውቀውም እታለም። ተመስጥሯል። እነሱ ጋ ያለው ሊነበብ የማይችል ነገር ነው።»

«የማያውቁትን ነው የሚጠብቁት?»

«አዎ።»

«ጅሎች ናቸው?»

«አይደሉም። እንዳያዩት ብለው ነው እንደዚያ የሠሩት።»

«እሱም እንደዚያ ነበር» አለች። «ሰው የነገረውን አያወጣም።»

ጎረቤቷ ገባች። ከእህቴ ጋር ገበያም እርሻም አብረው የሚውሉ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ጋቢዋን ሳታወልቅ እጇን ዘረጋችልኝ።

«መጣህ ጋዜጠኛው? እንግዲህ የኔን ጣት አስገባና ይለቅ። እኔ ዘንድሮ ያጨድኩት ትንሽ ነው፣ ጣቴ የሙሽራ ጣት ነው።»

«የእርስዎ ጣት ከገባ ሣጥኑ ይዘጋል።»

«ለምን ሲባል?»

«ስልኩ ላይ አዲስ ጣት ሲጨመር፣ ሣጥኑ ‹ሌባ ይሆናል የጨመረው› ብሎ የጣቱን መንገድ በሙሉ ይዘጋዋል። የድሮውንም ጭምር። ከዚያ ወዲያ የሚቀበለው ዋናውን ቃል ብቻ ነው፤ ዋናውን ቃል የሚያውቀው ደግሞ የለም።»

ሁለቱም ተያዩ።

«ወንፈል አያውቅም በለኛ» አለች ጎረቤቷ። «የሷ ጣት ሲደክም የኔ ይገባል። እንዲህ ነው እኛ የምንኖረው። ይሄን ሳያውቅ ነው ቆቦ ድረስ የመጣው?»

የእኛ አገር ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት ነበር ለጥቂት የተረፍነው። ከተማ ውስጥ የሟችን ስልክ ለመክፈት ጎረቤት ጣቱን አያዋጣም። እዚህ ግን አንዲት ሴት ስትደክም ሌላዋ መተካቷ መጠየቅ እንኳ የማያስፈልገው ነገር ነው። ጎረቤቷ ትናንት ስልኩን ይዛ ጣቷን ልታስገባ ስትል እህቴ የከለከለቻት እኔ በስልክ አትንኩት ስላልኩ ብቻ ነው።

የሚደረገው አንድ ነገር ነበር፤ ጣቱን ማሳረፍ። ቆዳ ራሱን ይተካል። መስመሮቹ ይመለሳሉ፤ እጁ ሥራ ካልነካ ማለት ነው። እስከዚያ መሞከርም አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ከከሸፈ መተግበሪያው የጣቱን መንገድ ራሱ ሊዘጋው ይችላል። ይህንን ስነግራት እህቴ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ማሳረፍ? አሁን?»

ዐምና አማቼ ሲቀበር የእህቴ ማሽላ ቆሞ ነበር። እሷ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ጎረቤቶቿ ገብተው አጨዱላት፣ ቆረጡላት፣ ወቅተው ጎተራ አስገቡላት። የማሽላዋን አንድ ዛላ ሳትነካ አጨዳው አለፈላት። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን የሰጣትን አንድ ቀን ትመልሳለች። ማንም አይጠይቃትም፤ የሚከብደውም ይሄ ነው። የሚጠይቅ ቢኖር ይቅርታ ይባላል።

«ስለ ድምፁ ብዬ ከማሳቸው ልቅር?» አለች። «እነሱ የሱን ሬሳ ተሸክመው፣ ያንኑ ሳምንት የኔን ማሽላ ያጨዱ ሰዎች ናቸው።»

ከዚያ ያልኩትን ያልኩት ብዙ ሳላስብበት ነው። «እኔ እገባልሻለሁ» አልኩ።

ጎረቤቷ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ለብሼ የመጣሁትን ነጭ ሸሚዝ አየችው።

«የሷ ቀን በአንተ ቀን አይተካም» አለች። «አንተ ግማሽ ሰው ነህ።»

«ለአንድ ቀኗ ሁለት ቀን እሠራለሁ።»

«እንደሱ ከሆነ እንነጋገራለን።»

ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የቤተሰብ ጉዳይ አልኩ። ትክክለኛው ምክንያት ቢጻፍ ማንም አያምነውም ነበር።

የቆቦ ማሽላ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ገና ጎሕ ሲቀድ ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ከመሬቱ መነሣት ሲጀምር አገዳው መሃል ነፋስ አይገባም። ቅጠሉ አንገት ይፍቃል፤ አቧራው ከላብ ጋር ሆኖ ያሳክካል። ልጅ ሳለሁ አጭጃለሁ፤ እጄ ግን ረስቶታል። ወንዶቹ መስመር ይዘው ሲሄዱ እኔ ከኋላ እቀራለሁ። ቀልዱ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመጣል።

«ጋዜጠኛው! ማሽላውን ቃለ መጠይቅ እያደረግክለት ነው?»

«ማጭዱን እንደ ማይክ አትያዘው!»

«ተዉት፣ ሁለቱንም ወገን እያነጋገረ ነው። ገና አገዳው መልስ አልሰጠም።»

ስቄ አጨድኩ። ማንም ለምን እንደገባሁ አልጠየቀኝም። ሁሉም ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጎረቤቷ የምታውቀውን ነገር ቆቦ ሳያውቅ አይውልም።

ቀትር ላይ ግራሩ ሥር ተቀምጠን ውሃ ስንጠጣ ጎረቤቷ አጠገቤ መጣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለው ያኔ ብቻ ነው።

«ያን ቀን ገበያ ላይ አጠገቧ ነበርኩ» አለችኝ። «ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ስትጥል አይቻለሁ። እንዲያውም ወዲያው ተጣላን። መደቤን አልፈሽ ዘረጋሽ ብያት፣ እሷም የማትለው የለ… እየተሳደብን ነበር እኮ። እሱ እዚያ ሲሞት እኛ ስለ አንድ ክንድ መሬት እንጯጯሃለን። ይሄን ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

«እንግዲህ ያ ሣጥን ሲከፈት ጥሩኝ። ብቻዋን እንዳትሰማው።»

ቤት ስመለስ እህቴ ሥራ ፈትታ መዋል አልቻለችም። አውራ ጣቷ ቅቤ ተቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ በቀሩት ጣቶቿ ግን ሽንኩርት ትለቅማለች፣ ገለባ ታነሣለች። ስደርስባት እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

«አልነካሁም» ትላለች።

«ቅቤው ላይ አፈር አለ።»

«ራሱ መጥቶ ነው።»

ማምሻውን በረንዳው ላይ ስንቀመጥ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። የጭነት መኪና ከሰሜን በኩል ሲመጣ ከድምፁ ባዶ ይሁን ጭነት ያለው ትለያለች። «ይሄ ባዶ ነው» ትላለች። «ይሄ ቲማቲም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።» የእሱን ከሁሉም ትለየው እንደነበር አልተናገረችም፤ እኔም አላስታወስኳትም። ሣጥኑን ከዚህ በፊት፣ ጣቷ ደኅና ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ትከፍተው እንደነበር የነገረችኝ ግን ያኔ ነው።

«ምን ልታይ?»

«ምንም። ማንበቡም አይሆንልኝም። መከፈቱን ነው የማየው። ጣቴን ሳስነካው ‹እሺ› ይለኛል። እሱ ያስገባት ጣት ናት። ልብሱን አውጥቼ እንደማየው ነው።»

ጣቷ መስመር ማውጣት ጀመረ። በየቀኑ ብርሃን ላይ ይዤ አየው ነበር፤ መጀመሪያ በጠርዙ፣ ቀጥሎ ወደ መሃል። ስንጥቁ ጠበበ። እኔ ደግሞ በተራዬ የራሴ ጣቶች ተላላጡ። የራሴን ስልክ ለመክፈት ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እንሞክረው ተባለ። እህቴ እጇን ለብ ባለ ውሃ ታጠበች፣ አደረቀች። ጎረቤቷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ነጠላቸውን አላወለቁም። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ፣ ከራሴ ስልክ ኢንተርኔት አጋርቼው፣ የሣጥኑን መግቢያ አወጣሁና ለእህቴ ሰጠኋት።

አስነካችው። ‹አልታወቀም›።

«አትጫኚው» አልኳት። «ዝም ብለሽ አሳርፊው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ጨቅላ ሕፃን እንደምትነኪ።»

እንደገና አሳረፈችው። ተከፈተ።

አማቼ ይገባባቸው የነበሩት ገጾች ስም በሰልፍ ወረደ። የማከማቻውን አየሁት፤ አለ። ወደ ማከማቻው መግቢያ ሄድኩ፤ ሣጥኑ ራሱ ሊሞላው ይገባ ነበር፤ አልሞላም። ባዶው ቦታ ላይ የፊደል ገበታው ብቻ ነው የመጣው።

«ምን ሆነ?» አለች እህቴ።

«ቆይ።»

«ኮፒ አድርገህ ለጥፈው በቃ» አለች ጎረቤቷ። ስልክ ታውቃለች።

«ኮፒ ያደረግነውን ሌላ መተግበሪያ ሊያነበው ይችላል።»

«ማን ነው የሚያነበው? ዶሮዋ?»

ልማድ ነው። በማይቸኩለው መንገድ መሄድ ለምጃለሁ። የስልኩን ማስተካከያ ከፍቼ ራስ-ሰር መሙያ የሚለውን ፈለግሁ። ስልኩ ራሱን ሲያድስ ምርጫው ወደ ‹ምንም› ተመልሶ ነበር። ሣጥኑን መረጥኩለት። ተመልሼ ባዶውን ቦታ ስነካ ከፊደል ገበታው በላይ የአማቼ መለያ ብቅ አለ። ነካሁት። ስልኩ እንደገና ጣት ጠየቀ።

እህቴ አየችኝ። እጇን አንሥታ ከስልኩ በላይ አቆየችው። ጎረቤቷ ተነሥታ መጥታ የእህቴን ክንድ ከሥር ደገፈችው፤ ጣቷን ማስገባት ባትችልም ክንዱን መያዝ አልተከለከለችም። ጣቱ አረፈ። ነጠብጣቦቹ በሰልፍ ሞሉ። ገባን።

ቅጂዎቹ በቀን ተደርድረዋል። አብዛኞቹ የደላላ ናቸው። የእህቴ ቁጥር ያለበትን ፈለግሁ፤ የመጨረሻውን አገኘሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ሰምቼ ልነግራት እችል ነበር። ዓይኗን አየሁና ተውኩት።

«ልክፈተው?»

«ክፈተው።»

የሞተር ድምፅ መጣ። ከዚያ እሱ። «ዋጃ ደርሻለሁ፣ ደሓን ነኝ» አለ፤ ያ ከዋጃ ይዞት የመጣው አነጋገሩ። እህቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። የእሷ ድምፅ «እሺ፣ ቶሎ ና» ሲል ተሰማ። ቀጥሎ «ስሚማ፣» አለ እሱ፤ የእሷ ድምፅ ወዲያው «ሄሎ? ሄሎ?» አለ፣ እሱም «ኧረ ይሰማኛል፣ ሄሎ» አለ። እሷ አልሰማችውም። እሱ ግን ይሰማት ነበር።

ከዚያ ስልኩ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ኳ አለ። አልተዘጋም ነበር። የገበያው ጫጫታ ከሽንኩርቱ መሃል ታፍኖ እሱ ጋ ይደርስ ነበር። በመሃሉ የእህቴ ድምፅ ጮኸ፤ «እስቲ ክንድሽን አምጪና እንለካው! ከነባልሽ መጥተሽ ለኪው!» የጎረቤቷም ድምፅ መልሶ ጮኸ።

አማቼ ሳቀ። መኪናው ውስጥ አብሮት የተሳፈረ ሰው ነበር፣ ዋጃ የወረደ መሆን አለበት፤ «ማናት?» ሲል ተሰማ።

«የቤቴ ባለቤት ናት። ስማት! ስማት እስቲ፣ ያችን ጎረቤቷን እንዴት እንደምታደርቃት!» አለ። ዝም ብለው ሰሙ። የመኪናውን ፍጥነት እንደቀነሰው ከሞተሩ ይታወቃል። «እሷ ከተነሣች ገበያው ለሷ ነው» አለ ቆይቶ። ትንፋሹ ደኅና ነበር። ድምፁ ላይ ሕመም አልነበረም፤ ይህንን እንደ ዘገባ መናገር እችላለሁ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «በቃ፣ ቤት ስገባ እነግራታለሁ» አለና ዘጋው።

ጎረቤቷ ቀድማ ተናገረች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር።

«አየሽው! በኔ ነው የሚስቀው እኮ! ከሞተ በኋላም በኔ!»

እህቴ ሳቀች። ዓመቱን ሙሉ ያልሰማሁት ሳቋ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠና ጎረቤቷ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት፣ ሁለቱም በነጠላቸው ተሸፍነው ቆዩ። እኔ ስልኩን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ጭነት ያለው መኪና አለፈ።

«አልታመመም ነበር» አለች እህቴ ቀና ስትል።

«ያኔ አልታመመም ነበር።»

«እየሳቀ ነበር።»

«እየሳቀ ነበር።»

«ግን ምን ሊለኝ ነበር? ‹ስሚማ› ያለው?»

«አላውቅም፣ እታለም። ቅጂው ላይ የለም።»

አልተናደደችም። አንገቷን ነቀነቀች። «ቤት ስገባ ነው ያለው» አለች፤ የቀጠሮ ቃል እንደምትደግም ሰው።

ቅጂውን ስልኩ ላይ ለብቻው አስቀመጥኩላት፤ ሣጥኑ ቢዘጋም እንድትሰማው። እንዴት እንደሚከፈት አሳየኋት። ከዚህ በኋላ ጣቷ ቢጠፋም ባይጠፋም ችግር እንደሌለ፣ ወደ ወንፈሏ መመለስ እንደምትችል ነገርኳት። የመተኪያው ቀኖቼ ገና አላለቁም ነበር፤ ጎረቤቷ ግን ማረችኝ። «ግማሽ ሰው ነበርክ፣ አሁን ሦስት ሩብ ሆነሃል» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ደሴ የሚሄደውን ሚኒባስ ልይዝ ስወጣ እህቴ ለማሳ ተዘጋጅታ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። የቀኝ አውራ ጣቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ማጭዷን በቀሩት አራት ጣቶቿ ይዛለች። እንደዚያ አጥብቆ መያዝ አይቻልም።

«አያስፈልግም ብዬሽ ነበር እኮ» አልኳት። «ሣጥኑ ባይከፈትም ድምፁ አለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ይሁን።»

ጎረቤቷ ከመንገዱ ማዶ ሆና ጠራቻት፤ «ነይ እንጂ፣ ሙሽሪት!» እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ተከተለቻት። የተጠቀለለችውን ጣት ከቅጠሉ እንድትርቅ አድርጋ ወደ ላይ ይዛት ነበር የምትሄደው።